ሲያትል ሽጉጥ ለምን አትከለክልም?

«ማዘጋጃ ቤቱ ምን ይሠራል? ለምን ዝም ብለው አይከለክሉትም?» ሲያትል ውስጥ ሰው በጥይት በተመታ ቁጥር ከእናንተ አንዱ ይህን ይጽፍልኛል። አጭሩ መልስ፦ አይችሉም። ረጅሙን ዛሬ ልሞክር። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

ዋሽንግተን ስቴት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የጦር መሣሪያን ጉዳይ ለራሱ ጠቅልሎ ይዟል። ማን ይግዛ፣ ማን ይያዝ፣ ይዞ የት ይግባ የሚለውን የሚወስኑት በስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ የሚቀመጡት ሕግ አውጪዎች ናቸው። ከተማ ወይም ካውንቲ ከዚያ የጠበቀ ደንብ ካወጣ ፍርድ ቤት ይሽረዋል። ምክንያቱ ሕጉ በየከተማው እንዳይዘበራረቅ፣ ሲያትል አድሮ ኤቨረት የሚሠራ ሰውም መንገድ ላይ ሳያውቀው ወንጀለኛ እንዳይሆን ነው ይባላል። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ግን ቁስለኛውን የሚቀበለው ሃርቦርቪው ሆስፒታል ነው፤ ለቅሶውም የሚቀመጠው እዚሁ ሰፈር ነው።

ከተማዋ በቀጥታ ሞክራ ታውቃለች። በከንቲባ ግሬግ ኒከልስ ዘመን ሽጉጥ ይዞ ፓርክና የመዝናኛ ማዕከል መግባትን ከለከለች። ተከሰሰች፣ በ2010 ተረታች፣ በይግባኝም በ2011 ተረታች። ከዚያ በኋላ ነው በጓሮ በር መግባት የጀመረችው።

መጀመሪያ ግብር ጣለች። በ2015 የምክር ቤት አባሉ ቲም በርጀስ ያመጡት ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፦ ከተማው ውስጥ በሚሸጥ በእያንዳንዱ መሣሪያ 25 ዶላር፣ በእያንዳንዱ ጥይት 5 ሳንቲም፣ በትንንሾቹ ጥይቶች ላይ ደግሞ 2 ሳንቲም። «ይሄ ግብር ሳይሆን የተሸፋፈነ ቁጥጥር ነው» ብለው የመሣሪያ ባለመብቶች ማኅበራት ከሰሱ። በ2017 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ 1 ለከተማው ፈረደ። ገንዘቡ ግን የተባለውን ያህል አልሆነም። በዓመት ከ300 እስከ 500 ሺህ ዶላር ይገባል ተብሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት የገባው 104 ሺህ ገደማ ነው። አንድ ነጋዴም ሱቁን ነቅሎ ከከተማው ወጣ። ተቃዋሚዎቹ ይሄን እያነሱ ያላግጣሉ። እኔን ብዙም አላስገረመኝም፤ ገዢው ትንሽ ነድቶ ሌላ ከተማ መግዛት ይችላላ!

እኔ የማየው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ነው። በጥይት ተመትቶ የታከመ ሰው ዳግመኛ የመመታት ዕድሉ ከሌላው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ የሃርቦርቪው ተመራማሪዎች ከተማው በከፈለበት ጥናት ደርሰውበታል። እንግዲህ ቁስሉን ሰፍቶ ወደዚያው ሰፈር መመለስ ምን ትርጉም አለው? ስለዚህ በግብሩ ገንዘብ፣ ወጣቱ ገና አልጋ ላይ እያለ የሚያነጋግረው፣ ከወጣም በኋላ በሥራ፣ በቤት፣ በትምህርት ጉዳይ የሚከታተለው ሰው ተመደበለት። ማንንም መሣሪያ አያስፈታም፤ ስለዚህ የስቴቱ ሕግ አይነካውም። ከተማዋ ከሠራቻቸው ሁሉ ብልህ የምለው ይሄን ነው።

ቀጥሎ ቁልፍ። በ2018፣ በከንቲባ ጄኒ ደርከን ጊዜ፣ መሣሪያን ሳይቆልፉ ማስቀመጥ እስከ 500 ዶላር፣ ልጅ እጅ ከገባ እስከ 1,000፣ ሰው ከተጎዳበት እስከ 10,000 ዶላር እንዲያስቀጣ ተደነገገ። በአቅራቢያዋ ያለችው ከተማ ኤድመንድስም ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኤድመንድስን በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ ምክንያቱ ያው የ1980ዎቹ የስቴት ሕግ ነው። የሲያትሉም በዚያው ምክንያት መቆሚያ አጣ። «እንግዲያው ቀረልን» እንዳትሉ ታዲያ። ሕዝቡ በ2018 በድምፁ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 1639 ነገሩን በስቴት ደረጃ አስገብቶታል። በግዴለሽነት ሳትቆልፉ የተዋችሁትን መሣሪያ ልጅ አግኝቶ ሰው ቢያቆስል ወይም ቢገድል፣ በከባድ ወንጀል ልትከሰሱ ትችላላችሁ።

ቁልፍ ላይ ለምን ይህን ያህል ሙጭጭ አሉ? በ2021 በመላው አሜሪካ 48,830 ሰው በጥይት ሞቷል። ከነዚህ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ! እኛ ለቅሶ ቤት «በድንገት አረፈ» ብለን እናልፈዋለን፣ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ነው፤ በዚያች ሰዓት መሣሪያው እጅ ላይ አለመኖሩ ነፍስ ያተርፋል።

«እኛ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፣ ማን ነካው?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እውነት ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም ነበር፣ ጠመንጃውም ከልጁ ቁመት ይረዝማል። እዚህ ሽጉጡ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አባት የሌሊት ፈረቃ፣ እናት የቀን ፈረቃ፣ ልጁ ብቻውን።

ቁልፉ ውድ አይደለም። በፕላስቲክ የተሸፈነ የብረት ገመድ ነው፤ ካርታው ወጥቶ፣ ውስጡ ጥይት አለመቅረቱ ታይቶ፣ ገመዱ በላይ ገብቶ በካርታው ቀዳዳ ይወጣና ጫፍና ጫፉ ይቆለፋል። ሽጉጡ ሊዘጋ አይችልም፣ ስለዚህ አይተኩስም። ሲያትል ችልድረንስ ሆስፒታል በሚያዘጋጃቸው ዝግጅቶች ላይ የመሣሪያ መቆለፊያ በነጻ ያድላል። ካዝና ለምትፈልጉ፣ የኪንግ ካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤት ቅናሽ የሚያደርጉ ሱቆችን አስተባብሮ ነበር፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሹፌሮች ደግሞ ሽጉጥ መኪና ውስጥ ትቶ ስለመውረድ ጠይቃችኋል። ሽጉጡ ጥይት የጎረሰ ከሆነ በስቴቱ ሕግ የሚቻለው ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ላለው ሰው፣ ያውም መኪናው ተቆልፎ፣ ሽጉጡ ከውጭ የማይታይ ከሆነ ብቻ ነው። ኡበርና ሊፍት ላይ የምትሠሩ ግን ፈቃዱ ቢኖራችሁም ድርጅቶቹ ሥራ ላይ መሣሪያ መያዝ ይከለክላሉ፤ ከተደረሰባችሁ አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል።