ቢላዋን በመሪ ዘንግ መሳል፤ ሰያፉ ለምን አንድ ወጥ አይሆንም?

በደንብ የተሳለ ቢላዋ ብርሃን ላይ ሲገላበጥ ስለቱን ተከትሎ የሚያበራ ጠባብ መስመር ይታያል። ይህ በሁለቱም ወገን ብረቱ ጋደል ብሎ የተሞረደበት ገጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ሰያፍ» እያልን እንጠራዋለን። ግራና ቀኙ ሰያፍ የሚገናኙበት ቦታ ስለት ይባላል።

በሞረድ ወይም በድንጋይ ስንስል ማዕዘኑን የሚጠብቀው እጃችን ብቻ ነው። እጅ ደግሞ ይወዛወዛል። ይህን ለማስቀረት ሲባል መሪ ዘንግ ያለው መሳያ ተሠራ። ይሁን እንጂ መሣሪያውን የሚጠቀሙ ብዙ ሰዎች አንድ ቅሬታ አላቸው። ሰያፉ መሐል ላይ ጠባብ፣ ጫፉ ላይ ሰፊ ይሆናል፤ ወይም አንዱ ወገን ከሌላው ይበልጣል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የመሣሪያው ነው ወይስ የሠራተኛው? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ከጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይገኛል።

ሀ. መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

መሣሪያው ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው እንደ ትንሽ ሞርሳ የቢላዋውን ጀርባ ነክሶ የሚይዝ መቆንጠጫ ነው። ሁለተኛው መሳያ ድንጋዩን የተሸከመ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ሦስተኛው ዘንጉ የሚያልፍበትና የሚዞርበት ቀዳዳ ነው፤ መዞሪያ ነጥብ እንበለው። ለምሳሌ ላንስኪ በተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ላይ 17፣ 20፣ 25 እና 30 ዲግሪ የሚሰጡ ቀዳዳዎች አሉ።

ማዕዘኑን የሚወስኑት ሁለት ልኮች ብቻ ናቸው። እነርሱም መዞሪያ ነጥቡ ከቢላዋው ጠፍጣፋ ገጽ በላይ ያለው ከፍታና ከነጥቡ ሥር እስከ ስለቱ ያለው ርቀት ናቸው። ከፍታው ለርቀቱ ሲካፈል የማዕዘኑን ታንጀንት ይሰጣል። ከፍታው 8 ሳ.ሜ.፣ ርቀቱ 22 ሳ.ሜ. ቢሆን ውጤቱ 0.364 ነው፤ ይህም 20 ዲግሪ ማለት ነው።

ለ. ስለቱ ቀጥ ባለበት ቦታ

ብዙ ሰው ድንጋዩ ከመቆንጠጫው ወደ ጎን በራቀ ቁጥር ዘንጉ ስለሚረዝም ማዕዘኑ ይቀንሳል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ቀጥታ መስመርና ከመስመሩ ውጭ ያለ አንድ ነጥብ አንድ ዝርግ ገጽ ብቻ እንደሚወስኑ ተምረናል። እዚህ ላይ መስመሩ ስለቱ፣ ነጥቡ ደግሞ የዘንጉ መዞሪያ ነው። ስለዚህ ዘንጉ በቀዳዳው ውስጥ በነጻ እስከዞረ ድረስ ስለቱ ቀጥ ባለበት ርዝመት ሁሉ ማዕዘኑ አይለወጥም። በቀጥታው ክፍል ላይ የሚታይ ልዩነት ምክንያቱ ሌላ ነው ማለት ነው።

ሐ. ስለቱ በሚጎብጥበት ቦታ

ችግሩ የሚጀምረው ስለቱ ወደ ጫፉ መጉበጥ ሲጀምር ነው። እዚያ ላይ የሚቆጠረው ርቀት እስከ ስለቱ ያለው አይደለም፤ ስለቱን በዚያች ቦታ ነክቶ ወደሚያልፈው ቀጥታ መስመር፣ ማለትም ወደ ታንጀንቱ ያለው ርቀት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የቢላዋው ጫፍ ከቀጥታው ስለት መስመር በ2.5 ሳ.ሜ. ወደ ጀርባው ገባ ያለ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ታንጀንት ደግሞ በ40 ዲግሪ ይታጠፋል። ከፍታው 8፣ ቀጥታው ላይ ያለው ርቀት 22 ሳ.ሜ. እንደሆነ ይቆይ። መቆንጠጫው ወደ እጀታው ቀርቦ፣ ጫፉ በስለቱ አቅጣጫ ከመዞሪያ ነጥቡ ትይዩ 18 ሳ.ሜ. ቢርቅ፣ ጫፉ ላይ ማዕዘኑ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል፤ ሰያፉም ይሰፋል። 5 ሳ.ሜ. ብቻ ቢርቅ ወደ 24 ዲግሪ ይወጣል፤ ሰያፉም ይጠባል። 12 ሳ.ሜ. ላይ ሲሆን ግን 19 ዲግሪ ተኩል ግድም ይሆናል። ይህ ከቀጥታው ክፍል ጋር የተቀራረበ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ሰያፉ ከሰፋ መቆንጠጫውን ወደ ጫፉ እናስጠጋው፤ ከጠበበ ወደ እጀታው እንመልሰው። ጥሩውን ቦታ ስናገኝ ከቢላዋው ጀርባ ጥግ እስከ መቆንጠጫው ያለውን ርቀት ለክተን በደብተር ላይ እንጻፍ። በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ካልነከስነው ሌላ ማዕዘን እንፈጥራለን፤ ሳያስፈልግም ብረት እንበላለን።

መ. ማዕዘኑ አንድ ሆኖ ስፋቱ ሲለያይ

አንዳንድ ጊዜ ማዕዘኑ ሳይዛነፍም ሰያፉ ይሰፋል። ምክንያቱ ከስለቱ ጀርባ ያለው የብረት ውፍረት ነው። ውፍረቱ 0.5 ሚ.ሜ. በሆነበት ቦታ፣ በየወገኑ 20 ዲግሪ ሲሳል ሰያፉ 0.73 ሚ.ሜ. ይሰፋል። 0.8 ሚ.ሜ. በሆነበት ቦታ ግን 1.17 ሚ.ሜ. ይደርሳል። ብዙ ቢላዋዎች ጫፋቸው አካባቢ እንዲህ ወፈር ይላሉ። ይህን ለዓይን ብለን ለማስተካከል መሞከር አያዋጣም። የሚቆርጠው ማዕዘኑ እንጂ የመስመሩ ውበት አይደለም።

ሠ. ግራና ቀኙ ሲለያይ

ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ የሚሄድ ቢላዋ መቆንጠጫው ውስጥ ጋደል ሊል ይችላል። በ1.5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል አንዱ ወገን 18.5፣ ሌላው 21.5 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ መለካት ያስፈልጋል። ማዕዘን የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ካለ በድንጋዩ ላይ አስቀምጦ ማንበብ ነው፤ ከሌለም ማስመሪያና የታንጀንት ሰንጠረዥ ይበቃሉ። የተጋደለውን ለማቃናት በመቆንጠጫው ጥርስና በቢላዋው መካከል ፕላስተር መለጠፍ ይረዳል፤ ብረቱንም ከመጫጫር ያድነዋል።

ረ. የአሠራር ቅደም ተከተል

1. ሰያፉን በማርከር (በተለምዶ ፓርከር በምንለው) እናቅልም። በደቃቅ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ እንሞርድና እንይ። ቀለሙ ከሰያፉ ሁሉ ላይ ከለቀቀ ማዕዘኑ ገጥሟል። ስለቱ አጠገብ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ በዝቷል፤ ከላይ ወደ ቢላዋው ጀርባ በኩል ብቻ ከለቀቀ አንሷል። ይህን ሳያዩ መጀመር ዝም ብሎ ብረት መጨረስ ነው።

2. በሻካራው ድንጋይ አንዱን ወገን ብቻ፣ በተቃራኒው ወገን ቀጭን የብረት ከንፈር እስኪወጣ ድረስ እንሞርድ። ከንፈሩ በጥፍር ሲነካ ይይዛል፤ ጥፍሩን ከጀርባው ወደ ስለቱ እንጂ በስለቱ ርዝመት አንሂድበት። ከንፈሩ ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጫፉ ሳይቋረጥ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሌላው ወገን የሚዞረው።

3. ክንዳችን አይጫን፤ የድንጋዩ የራሱ ክብደት ይበቃል ለማለት ይቻላል። ጫፉ ላይ ስንደርስ ከድንጋዩ ወርድ ግማሹ ከማለፉ በፊት እናቁም። ድንጋዩ ጨርሶ ሾልኮ ካለፈ ሹሉን ጫፍ ያደነዝዘዋል።

4. ወደ ደቃቁ ድንጋይ ስንሸጋገር ውፍረቱን ከመጀመሪያው ጋር እናስተያይ። የድንጋይ ውፍረት ሲለወጥ ማዕዘኑም ይለወጣልና የዘንጉን ከፍታ እናስተካክል። በመጨረሻ ግራና ቀኝ እያፈራረቅን፣ በጣም በቀስታ እየሞረድን ከንፈሩን እናስወግድ።

5. ጣት ሁልጊዜ ከስለቱ ጀርባ ይሁን። ወደ ሠራተኛው የዞረ ሹል ጫፍ በፕላስተር ይሸፈን።

ሰ. መሣሪያው ከሌለስ?

የምንመደብበት ትምህርት ቤት ይህ መሣሪያ ላይኖረው ይችላል። ሐሳቡ ግን በእጃችን ነው። አንድ ጣውላ፣ ቢላዋውን አግድም የሚይዝ መቆንጠጫ፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግና ቀዳዳዎች ያሉት ቋሚ እንጨት ይበቃሉ። ቋሚውን ከስለቱ 22 ሳ.ሜ. አርቀን ከተከልነው፣ ከቢላዋው ገጽ በላይ 5.9 ሳ.ሜ. ለ15 ዲግሪ፣ 6.7 ለ17፣ 8 ለ20፣ 10.3 ደግሞ ለ25 ዲግሪ ይሆናሉ። በእያንዳንዱ ላይ ከዘንጉ መሐል እስከ ድንጋዩ የሚሞርድ ገጽ ያለውን ልክ መጨመር አይረሳ። ቀዳዳዎቹም ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወላውሉት፣ ግን የማይንቀጠቀጥባቸው ይሁኑ።

የተበላ ብረት አይመለስም። ስለዚህ ሰያፉ ሲዛነፍ ደግሞ ደጋግሞ ከመሞረድ በፊት ቦታው የት እንደሆነ እንይ። ጉብታው ላይ ከሆነ መቆንጠጫውን፣ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ አያያዙን፣ ማዕዘኑ ተለክቶ ልክ ከሆነ ደግሞ ውፍረቱን እንጠይቅ። ነገ በወርክሾፕ ተማሪያችን የተዛነፈ ሥራ ይዞ ሲመጣም «እጅህ አይረባም» ከማለታችን በፊት እነዚህን ሦስቱን አብረነው እንመርምር። ታንጀንት ምን ይሠራል ብሎ ለሚጠይቀውም መልሱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።