ዝንብ ምሳችን ላይ ስታርፍ "እሽ!" ብሎ ማባረር ብቻ ይበቃል?

የምሳ ሰዓት ነው። ጉለሌ ውስጥ ሽሮ ሜዳ ወይ ፓስተር አካባቢ ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። በያይነቱ መጣ፤ አምስት እጅ ወደ አንድ ትሪ ተዘረጋ። ቀድማ የቀመሰችው ግን ዝንብ ናት። አንዱ "እሽ!" ይላል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ምሳው ይቀጥላል። ሁላችንም የምናደርገው ይሄንኑ ነው፤ አይደል?

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ትሪው የጋራ ነው። ሆድ ቁርጠት ከያዘን ደሞ ብዙ ጊዜ ለብቻችን አይደለም። በቀን ሥራ ለሚያድር ጓደኛችን ሁለት ቀን ታሞ መተኛት የሁለት ቀን ገቢ ማጣት ነው።

📌 ዝንብ ምግባችን ላይ ምን ታደርጋለች?

ዝንብ ጥርስ የላትም፤ ጠጣር ምግብ ማኘክ አትችልም። ስለዚህ ምራቋንና ከሆዷ የምታወጣውን ፈሳሽ ምግቡ ላይ ትተፋና ካሟሟችው በኋላ ትመጠዋለች። ጣዕም የምትለየው ደግሞ በእግሯ ጭምር ነው። ያ እግር ከደቂቃ በፊት ቆሻሻ ገንዳ ወይ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አርፎ ሊሆን ይችላል። የተቅማጥና የታይፎይድ ባክቴሪያ ተሸክማ የምትመጣው በዚህ መንገድ ነው።

"ተጋነነ" የሚል ካለ፦ እ.ኤ.አ. በ1988 እስራኤል ውስጥ በወታደር ካምፖች ሙከራ ተደርጎ ነበር። ዝንቦቹ በወጥመድ ሲቀነሱ፣ በተቅማጥ ምክንያት ክሊኒክ የሚሄደው ሰው በ42 በመቶ፣ ሺጌላ በተባለው ባክቴሪያ የሚታመመው ደግሞ በ85 በመቶ ቀነሰ።

ታዲያ አንድ ዝንብ አረፈች ተብሎ ምሳ ይደፋ? አይደፋም። ወዲያው ለተነሳች አንዲት ዝንብ መደንገጥ አያስፈልግም። ችግሩ ዝንቦቹ ሲበዙና ምግቡ ተከፍቶ ሲቆይ ነው፤ ጀርሙ ለመራባት ጊዜ ያገኛል። ጥሬ ሥጋ ግን ይለያል፤ ሉካንዳ ተሰቅሎ ሳለ ያረፈበትን ጀርም የሚገድል እሳት አያገኝም።

📌 ምን እናድርግ?

▪️ እንክደን። መሶብ ክዳን ያለው ለጌጥ ብቻ አይደለም። የዘገየው ልጅ እስኪመጣ ትሪው ተሸፍኖ ይቆይ።

▪️ ነፋስ እንጠቀም። ዝንብ ነፋስ ባለበት ማረፍ ይቸግራታል። አባቶቻችን ጭራ የሚይዙት በምክንያት ነው፤ ቬንትሌተር ካለም ወደ ትሪው ማዞር ነው።

▪️ ከቆሻሻ ገንዳ ራቅ ብለን እንቀመጥ፣ ፍርፋሪውንም ቶሎ እናንሳ። በሙቀት ወቅት ከዝንብ እንቁላል ሌላ ዝንብ ለመውጣት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል።

▪️ ጉንዳን ከመጣ መንገዱን በሳሙና ውኃ እንጥረግ። እየተከታተሉ የሚመጡት የፊተኛው የተወውን ሽታ ይዘው ነው።

📌 ንብ ስትመጣስ?

እንጦጦ ፓርክ ወይም ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከቢሮ ልጆች ጋር የወጣ ያውቀዋል፦ ለስላሳው ሲከፈት ንቧ ደረሰች። እዚህ ላይ "እሽ!" አይሠራም። ንብ ስትነድፍም ስትጨፈለቅም ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ትለቃለች። እጃችንን ሳናወናጭፍ ቀስ ብለን እንራቅ። ለስላሳውን ብርጭቆ ላይ ቀድተን፣ አይተን እንጠጣ። ጠርሙስ ወይ ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ጉሮሮ ውስጥ ልትነድፍ ትችላለች።

ከነደፈች እሾኳን ወዲያው ማውጣት ነው። በጥፍርም ይሁን በካርድ፣ ዋናው ፍጥነቱ ነው፤ እሾኩ ተሰክቶ በቆየ ቁጥር መርዝ መርጨቱን ይቀጥላል። ከዚያ በሳሙና ማጠብና ቀዝቃዛ ነገር መያዝ። የተነደፈው ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ወይ ምላሱ ካበጠ፣ ካዞረው ግን "ያልፍለታል" ብለን አንጠብቅ። ባስቸኳይ ሆስፒታል ይሂድ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ይህን አብሯችሁ ምሳ ለሚበላ ሰው ላኩለት። የሚያጎርሳችሁ እሱ ነውና እጁንም ይታጠብ 😄