የምሳር ስለት ለምን ይሸረፋል? ለምንስ ይታጠፋል?

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ከተቀጠቀጠ በኋላስ? የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ሁለት ምሳሮች አሉ እንበል። ሁለቱም ከአንድ የመኪና ባሌስትራ ተሠሩ። እንጨት ሲመቱ የአንዱ ስለት ይሸረፋል፤ የሌላው ይታጠፋል። ብረቱ አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከአስተጋጋሉና ከአቀዘቃዘዙ ነው።

አረብ ብረት ማለት ጥቂት ካርቦን ያለበት ብረት ነው። ከ100 ኪሎ ውስጥ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ 1 ኪሎ አይሞላም። ብረቱ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ግሎ ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል።

አንደኛ፣ የጋለው ብረት አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ፣ ካርቦኑ ከብረቱ ለመለየት ጊዜ ያገኛል። ብረቱ ይለሰልሳል፤ ለሞረድ ይመቻል። ስለት ቢወጣለት ግን ይታጠፋል።

ሁለተኛ፣ የጋለው ብረት በድንገት ውሃ ውስጥ ቢነከር፣ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ እዚያው ተጨንቆ ይቀራል። ብረቱ በጣም ይጠነክራል፤ ሞረድ ይንሸራተትበታል። ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ስባሪው ተፈናጥሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የተነከረው ብረት ተወልውሎ እንደገና በቀስታ ቢሞቅ፣ ጭንቀቱ ይላላል። በ220 ዲግሪ ገደማ የገለባ ቀለም ይይዛል። ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በ300 ገደማ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። እንጨት ለሚመታ ምሳር ወይን ጠጁ ወይም ሰማያዊው ይስማማል። ጥቂት ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ግን ቶሎ አይሸረፍም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዛቢያ ሲሰበር ጉማጁን ለማቃጠል ምሳሩን እሳት ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ። ይህ ስሕተት ነው! ስለቱ ከጋለ ባለሙያው የደከመበት ጥንካሬ ይጠፋል። ጉማጁን እየመታችሁ አስወጡት። በሞተር ስታስሉም ስለቱ ቶሎ ቶሎ ውሃ ይነከር፤ እንዲግል አትተዉት።

ይህን ሁሉ በቀለም እየለዩ ያቆዩልን ወናፍ ነፊዎቹ ባለእጆች ናቸው። ድሮ ይናቁ ነበር። ማረሻውም ማጭዱም የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ያለ እነርሱ ማን ያርስ ነበር? ማንስ ያጭድ ነበር?