ሬዲዮ ቴሌታይፕ፦ ብሩ ነው ወይስ ቅንብሩ?

ሬዲዮ ቴሌታይፕ ጽሑፍን በሁለት የፉጨት ድምፆች በሬዲዮ የሚልክ ዘዴ ነው። «ውድ ሬዲዮና ጣሪያ ላይ የተዘረጋ አንቴና የሌለው አይሞክረው» የሚለው ወሬ ስንቱን ጀማሪ ከደጅ መልሷል። እውነቱን ለመናገር ለመጀመሪያው ቀን ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃሉ። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ሞገድ መቀበያውን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት አድርጎታል፤ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚፈታው ኤፍኤልዲጂ የተባለው ፕሮግራምም በነጻ ይገኛል። መቀበያውን በስልክ ከፍታችሁ የድምፅ ኬብል ከሌለ ስልኩን ከላፕቶፑ ማይክሮፎን አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ቤቱ ጸጥ ያለ ይሁን እንጂ ይሠራል።

«ዜና የምሰማበት ሬዲዮ አለኝ፤ አጭር ሞገድ ይይዛል» የሚለውም ያሳስታል። ተራው ሬዲዮ ምልክቱን ቢይዘው እንኳ ፉጨቱን አያሰማም፤ ኤስኤስቢ የተባለውን የስርጭት ዓይነት የሚቀበል መሆን አለበት። ርካሾቹ የዩኤስቢ መቀበያዎችም ብዙዎቹ ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አይወርዱም። ሳትጠይቁ አትግዙ።

«ዘመኑ አልፎበታል» ለሚል ሰው የጀርመን ሜትዮሮሎጂ አገልግሎትን ማሳየት ይቻላል። ሃምቡርግ አጠገብ ካለችው ፒነበርግ ለመርከቦች የአየር ሁኔታ የሚያሰራጨው በዚሁ ዘዴ ነው፦ በ4583፣ በ7646 እና በ10100.8 ኪሎኸርዝ። ለመጨረሻው መቀበያውን በላይኛው ጎን (ዩኤስቢ ሞድ) 10099.3 ላይ አድርጉት። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ፍጥነቱን 50 ባውድ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት 450 ኸርዝ አድርጋችሁ ጠብቁ።

ዝብርቅርቅ ፊደል ቢወጣስ? ብዙዎች «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ቦታ ተለዋውጠው ነው፤ መገልበጫዋን ቁልፍ አንዴ መጫን ይበቃል። እኔ ይህችን ቁልፍ ሳላውቅ አንድ ምሽት ሙሉ ኬብል ስነቅልና ስሰካ አምሽቻለሁ። የሬዲዮ አማተሮችን ስታዳምጡ ደግሞ ልኩ ይለወጣል፦ 45.45 ባውድ፣ 170 ኸርዝ።

ሁሉም ልክ ሆኖ እንኳ የሚያሳስት ነገር አለ። ኮዱ ባለ 5 ቢት ስለሆነ 32 ጥምረት ብቻ ነው ያለው። ፊደልና ቁጥር ያንኑ ጥምረት ይጋራሉ፤ የሚለያቸው ቀድሞ የሚላክ የመቀየሪያ ምልክት ነው። ያችን ምልክት ጫጫታ ከዋጣት ቁጥሩ በፊደል ይወጣል። አማተሮች «ጥርት ብለህ ትሰማለህ» ለማለት የሚላላኩት 599 ስክሪናችሁ ላይ የላቲኖቹ ቲ፣ ኦ፣ ኦ ሆኖ ይመጣል። ያኔ ቅንብሩን አትንኩ፤ 599 ብላችሁ አንብቡት።