ሎዥባን ለዕቃ ስም የሚያወጣው እንዴት ነው?

ሎዥባን በ1987 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ሰዋስዉ በአመክንዮ ላይ የተገነባ ሰው ሠራሽ ቋንቋ ነው። ሥር ቃላቱ ከ1,300 ብዙም ስለማይዘሉ፣ የዕለት ተዕለት ዕቃ ስም በአብዛኛው የሚወጣው እነሱን በማጣመር ነው። «ጌርኩ» ውሻ፣ «ዝዳኒ» ቤት፤ ሁለቱ አጥረው ሲገጣጠሙ «ጌርዝዳ»፣ የውሻ ቤት።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። «ዝዳኒ» ራሱ «የማን ቤት?» ለሚለው መልስ የተተወ ቦታ አለው። ስለዚህ ቃል አውጪው የውሻው ማንነት የሚነገርበትን ቦታም አብሮ ይወስናል። እኔ አብዝቼ የማደንቀው ይህን ጥንቃቄ ነው፤ ስሙ ከነአገባቡ ይወለዳል።

ስፓጌቲን የመሰለ የውጭ ቃል ደግሞ ከፊቱ «ምግብ» የሚል ምልክት ተጨምሮበት «ሺድዥርስፓጌቲ» ይሆናል።

አዲስ ቃል ለማውጣት የምታስቡ፣ መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚያገለግል ጻፉ፤ ስሙን ከዚያ ፈልጉ።