ያላረፉ ሙታንና የሚፈውስ እጅ

ጠረጴዛው ላይ ያለው አጽም ስድስት የሕይወት ነጥብ ቀርቶታል። ቄሱን ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሰይፍ አልመዘዘም፤ ቁስል የሚያሽረውን ድግምት መረጠ። (የእኛ አገር ቄስ ይህን ቢሰማ ያማትባል፤ በጨዋታው ግን የቀድሞው ደንብ እንዲህ ነበር።) ባለ ስምንት ገጹን ዳይስ ጣለ፤ አምስት ወጣ። ቄሱ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ስለደረሰ ሦስት ይጨመርለታል፤ ስምንት ሆነ። ይህ ስምንት ለቆሰለ ባልንጀራው ቢውል ሕይወት ይጨምርለት ነበር። አጽሙ ላይ ሲያርፍ ግን ይቀንሳል። ለአጽሙ የመቋቋሚያ ዳይስ ከቀናው ጉዳቱ በግማሽ ይወርድለትና በሁለት ነጥብ ይተርፋል፤ ካልቀናው አጥንቱ ይበታተናል።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ የቀሩት ጀግና፣ ሌባ ወይም ቄስ ሆነው ይከተሉታል፤ የተጠራጠሩትን ሁሉ ዳይስ ይፈርደዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛ እትም ለደንቡ ምክንያት አበጀለት፦ ሕያው ፍጡር በአዎንታዊ ኃይል ይኖራል፣ ሞቶ ያላረፈው ደግሞ በአሉታዊ ኃይል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ እኛን የሚያሽረን እሱን ያቆስለዋል፣ እኛን የሚያቆስለን እሱን ያሽረዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛ እትም ይህን ተወው፤ ቁስል ማሻሪያው ሙታን ላይ ጭራሽ አይሠራም። እኔ የፊተኛው ይሻለኛል፤ ለተጫዋቹ የሚያስብበት ነገር ይሰጠዋል። ያም ሆኖ አምስተኛው እትም ጸበልን አልሻረም፤ አንድ ብልቃጥ ጸበል የተረጨበት ያላረፈ ሙት ወይም ርኩስ መንፈስ በሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ልክ ይቃጠላል።

ይህ የመጨረሻው ለሰሜን ሸዋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የወረደ ሰው አይቶታል። ውኃው አንድ ነው። ለበሽተኛው ፈውስ፣ አደረበት ለተባለው መንፈስ እሳት ነው ተብሎ ይታመናል። በሽተኛው «ተቃጠልሁ! ልውጣ!» እያለ ይጮኻል፤ አጥማቂው መስቀሉን እንደያዘ «ማን ነህ? የት ያዝከው?» እያለ ያስለፈልፈዋል።

ሞቶ ያላረፈውስ? እሱም አለ፤ መንዝ ውስጥ። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ የባህል አጥኚ ስለ መንዝ ቡዳ የጻፈውን ጥናት ያሳተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጨዋታው በወጣበት ዓመት መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው። የመንዝ ሰዎች የነገሩት ይህን ነው፦ ቡዳ የበላው ሰው ሞቶ ይቀበራል። ቡዳው ሬሳውን ከመቃብር አውጥቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ነፍስ ዘርቶበት ሰባት ዓመት ያሠራዋል። ያ ሰው የታዘዘውን ይሰማል፣ ይሠራል፤ መናገር ግን አይችልም። እንግዳ ሲመጣ ቡዳው የሰውየውን ራስ በአርጩሜ መታ ያደርገዋል፣ ሰውየውም ሸክላ ማሰሮ ይሆናል። በአምስተኛው እትም ያለው አጽምም በሕይወቱ ሳለ ያወቀውን ቋንቋ ይሰማል እንጂ አይናገርም።

መድኃኒቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በጨዋታው የፈውስ እጅ የሚያርፈው በሙቱ በራሱ ላይ ነው። በመንዙ ወግ ጸበሉም፣ ጢሱም፣ ነጭ ሽንኩርቱና ጤና አዳሙም የሚሠሩት በሽተኛው እስትንፋሱ ሳለች ነው፤ የሚያባርሩትም የበላውን ነው። ከተቀበረ በኋላ ለዘመድ የሚቀረው መቃብሩን አርባ ቀንና አርባ ሌሊት መጠበቅ ብቻ ነው፤ ሬሳው ከፈረሰ ለቡዳው አይሆነውምና። በዚያ በመንዝ ብርድ አርባ ሌሊት ደጅ ማደር ከየትኛውም ዳይስ ይከብዳል።

ሌላም ልዩነት አለ፤ ይኸኛው ጨዋታ አይደለም። የጨዋታው አጽም ከወረቀት ውጭ ዘመድ የለውም። ቡዳ የሚባሉት ግን አንጥረኛው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው፤ ያችው ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ገበያ ጀበናና ምጣድ የምታቀርበው ሴት። በሽተኛው ሲለፈልፍ የአንዱን ጎረቤት ስም ከጠራ፣ ስሙ የተጠራው ሰው የሚከላከልበት ዳይስ የለውም። አንኮበርን መናገሻቸው አድርገው ሸዋን የገዙት ምኒልክ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው፣ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አግኝቷል።

መንዝን የጨዋታ መድረክ ማድረግ የሚፈልግ ተራኪ ቢኖር ጥሬ ዕቃው ሞልቶለታል፦ ጸበሉ ከቀብር በፊት ብቻ ይሥራ፣ አርባው ሌሊት በአርባ ዳይስ ይጠበቅ፣ ማሰሮውን የሰበረ ምን እንደሚገጥመው ተራኪው ይወስን። ቡዳውን ግን ሙያ አይስጠው። ከፈለገ የመቶ ሎሌ ጌታ ያድርገው፤ ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ ማሠራት ከሸክላ ሠሪዋ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል።