ሁለት መልእክተኞች ወደ ሐበሻ



ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገናኝተዋል። በእንጅባራ ብርድ እኛ ለሱሑር ስንነሳ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ለኪዳን ይነሳል፤ በበር ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጁን ሲድር ጠርቶን ነበር። የሥጋው ነገር አሳሰበን፤ ይህን መናገር ደግሞ አሳፈረን። ስለዚህ «ጉዳይ ገጥሞናል» ብለን ቀረን። በማግስቱ መጣና «ሼህ፣ ለእናንተ ብዬ በጉን በእናንተው ሰው አሳርጄ፣ ማጀቱንም ለይቼ ነበር። ምነው ቢነግሩኝ?» አለን። መልስ አልነበረንም።

በሁለት ሰዎች መካከል እንዲህ ከሆነ፣ በሁለት አገሮች መካከልማ እንዴት ይሆን? ታሪካችን የሚያስተምሩን ሁለት መልእክተኞች አሉት።

የመጀመሪያው ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ናቸው። እ.ኤ.አ. በ615 የጀመረው ስደት ሶሓቦችን ወደ ነጃሺ አገር ሲያመጣ፣ ቁረይሾችም ስደተኞቹን ለማስመለስ ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛቸውን ስጦታ አስይዘው ላኩ። በንጉሡ ፊት ለስደተኞቹ የተናገሩት ጀዕፈር ነበሩ። በጃሂሊያ ዘመን ምን ይሠሩ እንደነበር ሳይሸፍኑ ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየምም ቀሩ። በማግስቱ ዐምር «ስለ ዒሳ የሚሉትን ጠይቋቸው» ሲሉ ነገሩ ከበደ። ቃሉን ለንጉሡ ጆሮ ማለስለስ ይቻል ነበር። ጀዕፈር ግን ነቢያቸው (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሯቸውን ተናገሩ፤ ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉና ከርሱ የሆነ መንፈስ ናቸው አሉ። ነጃሺም ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም፤ የቁረይሾችን ስጦታ መለሱ። ጀዕፈር እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ በዚህ አገር ኖሩ።

ሁለተኛው መልእክተኛ የመጡት ከ1 ሺህ ዓመት በኋላ ነው። ዐፄ ፋሲል ከጎንደር ለየመን ኢማም ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው በቃል ብቻ የሚነገር ጉዳይ እንዳለ ጠቁሞ አስተዋይ ሰው እንዲላክላቸው ይጠይቅ ነበር። ኢማም አል-ሙተወኪል ኢስማዒል «ንጉሡ እስልምናን ሊቀበሉ ይሆን?» ብለው ተስፋ አደረጉ። ዓሊሙን ቃዲ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚን እ.ኤ.አ. በ1647 ላኩ። ቃዲው ባሕሩን ተሻግረው በቤይሉል ወደብ ወረዱ፤ የአፋርን በረሃ አቋርጠው በ1648 ጎንደር ገቡ። ንጉሡ በክብር ተቀበሏቸው። የንጉሡ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ምፅዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች፣ ንግዱ በቤይሉል በኩል ወደ የመን እንዲያልፍ ይፈልጉ ነበር።

አንዱ ሃይማኖት፣ ሌላው ወደብ ያስብ ነበር። ጉዳዩ በግልጽ ስላልተጻፈ፣ አንባቢው የጎደለውን በራሱ ምኞት ሞላው። ቃዲው የተላኩበት ሳይሆን በ1649 ተመለሱ። ሆኖም ድካማቸው ከንቱ አልቀረም። ያዩትን መንገድ፣ ሕዝቡንና የጎንደርን ቤተ መንግሥት በዐረብኛ ጻፉ፤ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ነገ በአዲስ አበባ ወይም በባዕድ አገር ኤምባሲ ይሠሩ ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ትምህርቱ ግን ከጎረቤት ደጅ ይጀምራል። ከኢፍጣር በኋላ «የጎረቤታችን ልጅ ለምን እንደምንጾም ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እርሱስ ለምን እንደሚጾም ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ስሙ። መከባበር ማለት ልዩነትን መደበቅ እንዳልሆነ በጀዕፈር ታሪክ ንገሯቸው።

እኛም ለጎረቤታችን የዚያን ቀን እውነቱን ነገርነው። «ይኼንን ለመናገር ነው ያፈራችሁት?» ብሎ ሳቀ። አሁን ድግስ ሲኖረው አስቀድሞ ይጠይቀናል፤ እኛም ዒድ በሁዳዴ ውስጥ ሲውል የጾም ወጥ ለብቻው እናሠራለታለን።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ አንደበታችንንም ለእውነት ያግራልን። አሚን።